የዴይኬር እናቶቻችን በቋንቋቸው ይሠልጥኑ

ኦክላንድና ሳን ሆዜ ውስጥ ቤታቸውን ዴይኬር አድርገው የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሻ እኅቶች አሉን። ጎህ ሳይቀድ በር ይከፍታሉ፤ አንዱ ወላጅ ታክሲ ሊነዳ፣ ሌላዋ ሆስፒታል ልታጸዳ ትቸኩላለችና። ፈቃድ ሲያወጡ የመጀመሪያ ርዳታና ሲፒአር መማር ግዴታቸው ስለሆነ ትን ያለውን ሕፃን ያተርፋሉ። ሆድ የባሰውን ሕፃን ግን ብዙዎቹ የሚይዙት በእናትነት ልምዳቸው ብቻ ነው። ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና በሕዝብ ገንዘብ፣ በአማርኛና በትግርኛ እንዲሠለጥኑ እንድንጠይቅላቸው ነው ይህን የምጽፈው።

ጃኬቱን የማያወልቅ ልጅ አለ። ምሳ ሲበላም ሲተኛም ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ ነው፤ ሊያወልቅለት የሞከረውን ይነክሳል። ነገሩን ያልተማረ ሰው እልኸኛ ይለዋል፤ ይቆጣዋል ወይም ወላጁን ጠርቶ «ሌላ ቦታ ፈልጉለት» ይላል። የሠለጠነች ተንከባካቢ ግን ቤቱ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። አባትና እናት ተለያይተው፣ ወይም አንዳቸው አገር ቤት ቀርተው ይሆናል። ልጁ ጃኬቱን የያዘው እናቱ ስትመጣ ጥላው እንዳትሄድ ተዘጋጅቶ እየጠበቃት ስለሆነ ይሆናል። እንዲህ የገባት ተንከባካቢ ጃኬቱን ትተውለታለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ትተኛለህ፣ ትነሣለህ፣ ወተትህን ትጠጣለህ፣ ከዚያ እማዬ ትመጣለች» ትለዋለች፤ በየቀኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። የልጅ መተማመን የሚገነባው እንዲህ ነው፤ ይህ ደግሞ በሥልጠና የሚገኝ ችሎታ ነው።

ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። ከሕፃናት የአእምሮ ጤና ሙያ መሥራቾች አንዷ ሰልማ ፍሬይበርግ እ.ኤ.አ. በ1979 ሳን ፍራንሲስኮ ጄኔራል ሆስፒታል መጥታ ሥራዋን የቀጠለችው እዚሁ አጠገባችን ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ዴይኬሩ ድረስ እየመጣ፣ ልጆቹን ከተንከባካቢዋ ጋር አብሮ እያየ የሚያማክርበት አሠራር በቤይ ኤሪያ ሥር ሰዷል። ያኔ በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዋልተር ጊሊያም በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በክፍለ ግዛቶች ገንዘብ ከሚተዳደሩ ቅድመ መደበኛ ክፍሎች ሕፃናት የሚባረሩበት መጠን ከመደበኛ ትምህርት ቤቶች ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። አማካሪ ባለሙያ ወደ ክፍላቸው የሚመጣላቸው መምህራን ግን የሚያባርሩት ያነሰ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ተባረረ ማለት እናቱም ከሥራ ቀረች ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ገንዘቡስ? አላሜዳ ካውንቲ ላይ አለ። በመጋቢት 2020 ሕዝቡ መዠር ሲ የተባለውን ሕዝበ ውሳኔ አጽድቆ፣ ከምንገዛው ዕቃ ላይ በዶላር ግማሽ ሳንቲም ለ20 ዓመት እንዲሰበሰብ ወስኗል። በዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል ተብሎ የተገመተው ይህ ግብር በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ ቆይቶ በ2024 ተለቀቀ። አብዛኛው ለሕፃናት እንክብካቤና ለቅድመ ትምህርት የተመደበ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ፈርስት ፋይቭ የተባለው የካውንቲው የሕፃናት ኮሚሽን ነው። እኛም ከየሱቁ ስንገዛ የከፈልነው ነው፤ ስለ አወጣጡ የመናገር መብት አለን።

ሳን ሆዜ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የሳንታ ክላራ ካውንቲ ፈርስት ፋይቭ፣ እንደ ሌሎቹ ካውንቲዎች ሁሉ፣ የቆመው በ1998 ሕዝበ ውሳኔ በእያንዳንዱ ፓኬት ሲጋራ ላይ በተጣለው 50 ሳንቲም ነው። አጫሽ በቀነሰ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። ማጨስ መቅረቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሕፃናቱ ግን ሌላ ምንጭ ይሻሉ። ስለዚህ የሳን ሆዜ ወገኖች፣ ካውንቲው ምትክ ገንዘብ እንዲፈልግ መወትወት የእናንተ ድርሻ ነው።

የምንጠይቀውም ግልጽ ይሁን። ሥልጠናው በአማርኛና በትግርኛ ይሰጥ። ከንጋት እስከ ምሽት ልጅ ስትይዝ የዋለች ሴት ማታ ደክሟት ሳይከፈላት እንድትማር አይጠበቅባት፤ የሠለጠነችበት ሰዓት ይከፈላት፣ በሌለችበት የሚተካት ሰው ይመደብላት። አማካሪዋም እስከ ቤቷ ትምጣ። ከመካከላችሁ ሶሻል ወርከሮች፣ ነርሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሆናችሁ ደግሞ ይህን የማማከር ሥራ ተማሩት፤ ባለሙያው የራሳችን ሰው ሲሆን አስተርጓሚ መሀል አይገባም።

ወላጆች ሆይ፣ ቤታችሁ የተለወጠ ነገር ካለ ለዴይኬሯ እናት ንገሯት፤ ምስጢራችሁን ሁሉ ባይሆንም «ሰሞኑን ከብዶናል» ማለት ይበቃል። «ልጄን እብድ አሉብኝ» ብሎ መደበቅ ልጁን ብቻውን ይተወዋል። ካህናትና የመስጊድ ኢማሞች፣ የዕድር ሰብሳቢዎችም ከስብሰባችሁ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ለዚህ ስጡ፤ ስም መዝግቡ፣ መኪና ያለው የሌለውን ይዞ ይምጣ።

የአላሜዳ ካውንቲ ሱፐርቫይዘሮች ኦክላንድ ላይ በ1221 ኦክ ስትሪት፣ የሳንታ ክላራዎቹ ሳን ሆዜ ላይ በ70 ዌስት ሄዲንግ ስትሪት ይሰበሰባሉ። ማንም ሰው ገብቶ መናገር ይችላል። እንግሊዝኛችን አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፦ የካሊፎርኒያ ሕግ፣ የቅጽበት ትርጉም መሣሪያ ከሌለ፣ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። በአማርኛ ተናገሩ።