ዛሬ ያነከሰ ውሻ ነገ እንዳይነክስ!



በየሰፈሩ ሥር የሰደደ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሌሊቱን ከአጥር አጥር እየሮጠ ሌባና ጅብ ሲያባርር ያደረ ውሻ ጧት አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ይገኛል። ባለቤቱ «ምን ነካው?» ሲባል «እንጃ፣ ዝም ብሎ ነው ያነከሰው» ይላል። ሁለት ቀን ይታያል፤ በሦስተኛው ቀን የግቢው በር ይከፈትና ውሻው ይባረራል። ከዚያ ወዲያ የማንም አይደለም። ልጆች ድንጋይ ይለማመዱበታል፤ ሌሎች ውሾች ይረባረቡበታል፤ እሱም ከቆሻሻው ክምር ሥር ተኝቶ በአላፊ አግዳሚው ላይ ያጉረመርማል። ይኸ ጽሑፍ የተጻፈው ይኸንኑ ልማድ ለመቃወም ነው።

ለመሆኑ «ዝም ብሎ» የሚያነክስ ውሻ አለ ወይ? የለም! ምክንያቱን ያላየነው ማነከስ እንጂ ምክንያት የሌለው ማነከስ የለም። አንዱ «ነፋስ መትቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ጎረቤቴ ነው ያስመታብኝ» ብሎ ጠብ ያነሣል። ነፋስን፣ ቡዳንና ጎረቤትን ከመወንጀል በፊት ግን የውሻውን እግር አንሥቶ ማየት አይቀድምም? በጣቶቹ መካከል የተሰካ እሾህ፣ መዳፉ ውስጥ የገባ የጠርሙስ ስባሪ፣ ዝገት የበላው ምስማር፣ ከሥሩ የተገነጠለ ጥፍር ሊገኝ ይችላል። ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በጨርቅ ሸብ አድርጎ በብርሃን ማየት ነው። ይኸ አንድም ሳንቲም አይጠይቅም።

ደግሞስ ያንን የጠርሙስ ስባሪ መንገድ ላይ የደፋው ማን ነው? እኛው! በአጥሩ ጫፍ ላይ ጠርሙስ የተከለው ማን ነው? እኛው! ድንጋይ የወረወረውስ የማን ልጅ ነው? የእኛው! «ሳይታወቅ አነከሰ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የእጃችንን ሥራ ላለማየት ነው።

መዳፉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚያነክስ ከሆነ ነገሩ ከፍ ይላል። ውሻ ሲዘል ወይም በሩጫ ላይ እያለ በድንገት ሲታጠፍ የጉልበቱ ጅማት ሊበጠስ ይችላል፤ ውሾችን በኋላ እግራቸው በድንገት ከሚያስነክሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸ ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታም መገጣጠሚያን ያሳብጣል። እንዲህ ያለው ውሻ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ዛሬ በአንዱ እግሩ ነገ በሌላው ሊያነክስ ይችላል። ሥጋ ብቻ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ እየበላ ያደገ ቡችላ ካልሲየም አጥሮት አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ በትንሽ ዝላይም ይሰበራል። ይኸ ሁሉ ስም ያለው፣ ሐኪም የሚያውቀው ነገር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «አዛኝ» የሚባለው ሰው ሥራ ነው። ለራሱ የገዛውን የሕመም ማስታገሻ በሥጋ ጠቅልሎ ለውሻው ያጎርሰዋል። ኧረ ተዉ! አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያበላሻሉ። ፓራሲታሞልም ሲበዛበት ጉበቱንና ደሙን ይመርዛል። በእግሩ ብቻ ታሞ የነበረው ውሻ በሳምንቱ ይሞታል፤ ከዚያም «ጎረቤት መርዝ አበላብኝ» ይባላል!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ አረፋ በማድፈቅና ሰው በማሳደድ አይጀምርም። ድምፅ የለሽ የሆነ ሌላ መልክ አለው። ውሻው የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ይንገዳገዳል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ጩኸቱ ይለወጣል። ሰው ይኸን አይቶ «አጥንት ቆሞበት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። በሽታው ደግሞ በምራቅ ነው የሚተላለፈው! ስለዚህ የሚያነክሰው ውሻ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከታየበት ማንም እንዳይነካው፣ ግቢ ተዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። በእብድነት በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከ100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የሚቻል አይደለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል። ሰው የነከሰው ውሻ ደግሞ 10 ቀን ታስሮ መታየት አለበት። እንግዲህ ፍረዱ! ያባረርነውን ውሻ 10 ቀን የሚያየው ማን ነው? ክትባት ይከተብ አይከተብ የሚለውንስ ማን ይነግረናል? በሩን ከፍቶ ውሻውን ያስወጣ ሰው ሸክሙን አልጣለም፤ በጎረቤቱ ልጅ ላይ ጫነው እንጂ።

«ውሻ ነው እኮ፣ ለሰው ያልተረፈ ገንዘብ ለውሻ?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ይገባናል፤ ኑሮው ለሁሉም ከብዷል። ነገር ግን የአንድ ልጅ የክትባት ምልልስ ከውሻው ሕክምና ያንሳል ወይ? ደግሞስ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል የሰማ ሰው፣ ለእሱ ሲጮኽ የኖረውን ውሻ በአንካሳ እግሩ ቢያባርር ከሁለቱ ታማኙ ማን ሆነ?

ስለሆነም በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የሚከተሉት እንዲወሰኑ እንጠይቃለን፤

1ኛ/ ውሻ ያለው ቤት ሁሉ ይመዝገብ፤ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መቼ እንደተከተበ ይጻፍ።
2ኛ/ ያነከሰ ወይም የታመመ ውሻ ከግቢ ማስወጣት በማኅበሩ ደንብ ይከልከል።
3ኛ/ ለአንድ ቤት የከበደው ለብዙ ቤት ይቀላልና፣ የእንስሳት ሐኪም በጋራ መዋጮ ይጠራ።
4ኛ/ የጠርሙስ ስባሪና ምስማር መንገድ ላይ የሚደፋ ሰው ራሱ እንዲያነሣ ይደረግ፤ ወላጆችም ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆቻቸውን ይገሥጹ።

ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ላይ እንስቃለን። እኛም ልጅ ከተነከሰ በኋላ የምንጮኽ እንዳንሆን፣ ዛሬውኑ እንነሣ!

ከነዋሪዎች አንዱ