ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃ

እንደሚታወቀው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይመገባሉ። ይሁን እንጂ ከሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ፣ በተለይም በግል መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት ያሉት፣ ዛሬም ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ነው የሚወጡት። ይህች ጽሑፍ የምትመለከተው የእነሱን ጉዳይ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሰሞኑን ቤት ለቤት ጭቅጭቅ እያስነሣ ስለሆነ ማኅበራችን ዝም ሊል አይገባም ብለናል።

ልጅ ሆዱን ታመመ፣ አስመለሰው በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። «እጇን ሳትታጠብ ነው የሠራችው»፣ «የትናንቱን አሙቃ ነው» ይባላል። በዚሁ ሰበብ ከሰፈራችን ሁለት ሴቶች ልጆች ከሥራ ተባረዋል። እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። እኛ ግን ትልቁ ጥፋት ያለው በሰዓቱ ላይ ነው እንላለን። እስቲ እንቁጠረው። ምሳው ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ይሠራል። እንፋሎቱ ሳይወጣለት ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባና ክዳኑ ጥርቅም ይደረጋል። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰርቪሱ ይመጣል። ልጁ የሚበላው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ያ ምግብ ትኩስም ቀዝቃዛም ሳይሆን ለብ ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የበሰለ ምግብ እንዲሁ በክፍል ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ ይላል። ጀርም የሚራባው በሁለቱ መካከል ነው። «የአዲስ አበባ አየር ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚሉን አሉ። ብርዱ እኮ የሌሊት ነው! በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ወደ 25 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ከሁሉም አብልጠን የምንፈራው ሩዝና ፓስታን ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ጀርም አለ፤ ዘሩ ሲፈላ እንኳ አይሞትም። ሩዙ ከበሰለ በኋላ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ያ ዘር ይነቃና ይራባል፣ መርዝም ያወጣል። ይህ መርዝ አንዴ ከወጣ ምግቡን ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። የበላ ልጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሰዋል። ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ስለሚችል «ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። የማታውን ሩዝ ምድጃ ላይ አሳድሮ ጧት አሙቆ መቋጠር እንግዲህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አንባቢ ይመዝነው።

እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ጀርሙን እንደ ሩዙ አይመቸውም። የሽሮ ወይም የበርበሬ ፍርፍር ከፓስታው የተሻለ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ ሥጋ ወይም እንቁላል ከገባበት ግን ያው ነው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ቀኑን ሙሉ ቢውሉም አያስፈሩም። ችግሩ ልጆቹ ያፍራሉ። ፓስታ የያዘ የሀብታም ልጅ፣ ቆሎ የያዘ የድሃ ልጅ ይመስላቸዋል። ይህን ከየት እንዳመጡት እኛ ወላጆች እናውቀዋለን።

ፍሪጅ ያለው ቤት ምሳውን ማታ ይሥራ። ምግቡን ሰፋ ባለ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግቶ፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ቶሎ ማብረድና ፍሪጅ ማስገባት ነው። ጧት ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይሞቅ ይቋጠራል። የልጁን የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ ሦስት አራተኛውን ሞልቶ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው፤ እስከ አፉ ከተሞላ በረዶ ሲሆን ይፈነዳል። ጧት በፎጣ ተጠቅልሎ ከምሳ ዕቃው ጎን ይቀመጣል። በረዶው ቀስ እያለ ሲሟሟ ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ልጁም በምሳ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። ትኩስ መላክ የፈለገ ምግብ የሚይዝ ፔርሙዝ ይግዛ። መጀመሪያ በፈላ ውሃ ሞልቶ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ መድፋት፣ ከዚያ ምግቡን እየተንተከተከ መጨመር ነው።

ፍሪጅ የሌለው፣ ወይም መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ቁም ሣጥን የሚሆንበትስ? እናቶቻችን ውሃን በእንስራ ያቀዘቅዙ የነበረው ሸክላው ስለሚያልብና ያ ላብ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ምሳ ዕቃን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልም በዚሁ መንገድ በበጋ ትንሽ ይረዳል፤ በክረምት አይሠራም፣ ያኔ ግን ትምህርትም ዝግ ነው። ይሁንና እርጥብ ጨርቅ የበረዶን ያህል አይሆንምና በዚህ ተማምኖ ሥጋና ሩዝ መላክ አይገባም። በእንዲህ ያለ ቀን ዳቦና ሙዝ ይበቃል።

ቤት ውስጥ ያለውን እኛ እናስተካክላለን። ትምህርት ቤቱስ? በአቅራቢያችን ባለ አንድ ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዎቹ የሚደረደሩት ጧት ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ነው። ወላጆች ተናግረው መልስ አላገኙም። ክፍያ ሲጨመር ደብዳቤው በማግስቱ ይደርሰናል፤ ለመደርደሪያ ግን ጊዜ የለም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ አንድ መደርደሪያ ይሠራ፣ የትንንሾቹም የምሳ ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ተኩል ይምጣ። ለመደርደሪያው የሚሆን ጣውላ በመዋጮ ለመግዛት ማኅበሩ ዝግጁ ነው።

የጥያቄው ደብዳቤ ተጽፎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። እስከ ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ድረስ እየመጣችሁ ፈርሙ፤ ማንበብ ለማይችል እናነብለታለን። የቤት ሠራተኞችም አብረው ቢመጡ መልካም ነው፣ ምሳውን የሚቋጥሩት እነሱ ናቸውና።

የማኅበሩ ጸሐፊ