የመስከረም ዝርዝርና የወላጅ አቅም

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ



ትምህርት ብርሃን ነው ሲባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ስለ ትምህርት ጥቅምም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በዚህ መጽሔት ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ትምህርት ጥቅም ሳይሆን ስለ ትምህርት በር ነው። ይኸውም በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መግቢያ ከአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ለወላጆች ስለምትሰጠው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቲቱ ትንሽ ናት። ደብተር ይህን ያህል፣ እርሳስ ይህን ያህል፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያ፣ ቦርሳ፣ ዩኒፎርም ትላለች። ለአንዳንዱ ወላጅ ይህች ወረቀት የገበያ ማስታወሻ ናት፤ ለሌላው ግን «ልጅህ ይማር ወይስ ይቅር?» ብላ የምትፈርድ ዳኛ ናት።

አሳቤን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። የትምህርት መሣሪያ ዝርዝር መኖሩን አልቃወምም። ያለ ደብተርና ያለ እርሳስ መማር እንደማይቻል እኔም ተማሪ ስለሆንሁ አውቃለሁ። የምቃወመው ዝርዝሩ ወላጅ ሳይጠየቅ መጻፉን፣ ከዚያም በዝርዝሩ ጉድለት ምክንያት ሕፃን ከክፍል እንዲወጣ መደረጉን ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የደፈርሁበት ምክንያት አለኝ። አባቴ በደሴ ከተማ፣ በሸዋ በር በኩል ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔም በክረምት ዕረፍት ቁልፍ እየተከልሁ፣ ጠርዝ እየቀመቀምሁ እረዳቸዋለሁ። ነሐሴ ለልብስ ሰፊ የሥራ ወር ነው፤ ለወላጅ ግን የጭንቅ ወር ነው። ዩኒፎርም ለማሰፋት ከሚመጡት ሰዎች ስለ ልብሱ ማማር ሲጠይቁ የሰማኋቸው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚሉት «ጠርዙ ሁለት ጣት ይትረፍለት፤ ለሚመጣው ዓመት ይለቀቅለታል»፣ «የታላቁ ሱሪ ለታናሹ ይጥበብለት»፣ «ግማሹን አሁን ተቀበሉኝ፤ ግማሹን ለመስቀል አመጣለሁ» ነው። በአንድ ዓመት አንድ ት/ቤት የዩኒፎርሙን ቀለም በድንገት ለወጠ። በዚያ ክረምት ከታላቅ ለታናሽ ሊተላለፍ ታጥቦ የተቀመጠው ልብስ ሁሉ ዋጋ አጣ። ሦስት ልጆች ያሏቸው አንዲት እናት ሦስቱንም አሮጌ ሹራብ ይዘው መጥተው «ቀለም ቢነከር አይሆንም?» ብለው አባቴን ጠየቁ። አባቴም የሚመልሱት አጥተው ዝም አሉ። ቀለሙ የተለወጠበትን ምክንያት ለወላጆች የነገራቸው አልነበረም።

እስቲ አሁን ዝርዝሩን ራሱን እንመርምረው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንድ የአንደኛ ክፍል ሕፃን አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራል። ይህ ሰባት ትምህርት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ የክፍል ሥራ፣ አንድ የቤት ሥራ ደብተር ይምጣ ሲባል 14 ደብተር ይሆናል። ሁለት ልጆች ላሉት ቤት 28፣ ሦስት ላሉት ቤት 42 ደብተር ማለት ነው። በዚህ ላይ ክሬዮን፣ የደብተር መሸፈኛ፣ የምሳ ዕቃ ይጨመራል። በአንዳንድ የግል ት/ቤቶች ደግሞ አንድ ደስጣ ወረቀት፣ ሶፍትና ሳሙና ሳይቀር በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ደብተር በእርግጥ ይጻፍበታልን? በሰኔ መጨረሻ የታናሽ እኅቴን ደብተሮች አንድ በአንድ ገልጬ አየኋቸው። ከ14ቱ አምስቱ ግማሽ እንኳ አልሞሉም። የሰውነት ማጎልመሻው ደብተር የተጻፈበት 6 ቅጠል ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ ሰውነቱን የሚያጎለምሰው በሜዳ ላይ ሮጦ እንጂ በደብተር ላይ ጽፎ ስላልሆነ በዚህ የሚደነቅ የለም። የሚደነቀው ለዚህ ትምህርት ሁለት ደብተር መጠየቁ ነው።

እርግጥ የኑሮው ውድነት የመምህራን ጥፋት አይደለም። በአገራችን ደብተር የሚሠራበት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይህን መንገድ ተከትሎ መወደዱ አይቀርም። ዋጋው በነጋዴውም በወላጁም እጅ ካልሆነ፣ በእጃችን የቀረው የምንጠይቀውን ብዛት መመጠን ነው።

ሌላም ልብ ያላልነው ነገር አለ፤ እሱም የወሩ ነገር ነው። የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በመስከረም ነው። በመስከረም ደግሞ የመኸሩ እህል ገና በማሳ ላይ ነው፤ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በከተማችን ዙሪያ ያለው ገበሬ የልጁን ደብተር እንዲገዛ የሚታዘዘው ጎተራው ባዶ በሆነበት ወራት ነው። ለከተማው ሰውም ቢሆን የዘመን መለወጫና የመስቀል ወጪ በዚያው ሰሞን ይደራረብበታል። ሁሉ በመስከረም ይሟላ ማለት በሬ ሳይጠመድ እሸት አምጡ እንደማለት ይሆናል።

መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የትምህርቱ ዋጋ ቀርቶ የዝርዝሩ ዋጋ ከከበደ፣ ለድኻው ልጅ በሩ ተከፍቶ ደፉ ከፍ አለበት ማለት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይህን ተመልክቶ በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ት/ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም በነፃ ማደል፣ ምግብም ማብላት መጀመሩ የሚመሰገን ነው። የእኛ ክልል ግን የገጠመው መከራ ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ ት/ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት ደግሞ በአማራ ክልል እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ት/ቤት የመጣውን ጥቂቱን ሕፃን «መቅረጫህ የት አለ?» ብሎ መመለስ እንዴት ይሆናል?

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «መምህር ያለ መሣሪያ ምን ያስተምር? ዝርዝሩ ሲያጥር ትምህርቱም ይጎድላል» ይል ይሆናል። ይህ እውነትነት ያለው ነገር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሕፃናት ይዞ፣ ግማሾቹ እርሳስ ሳይኖራቸው ማስተማር ምን ያህል እንደሚያደክም መምህራን ያውቁታል። እንዲያውም ሸክሙ በመምህራን ላይም ወድቋል። የታናሽ እኅቴ መምህርት በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ከሁለት ከሁለት የተቆረጠ እርሳስ ያስቀምጣሉ። አንዱን እርሳስ ለሁለት ልጅ የሚያካፍሉት ከገዛ ደመወዛቸው ገዝተው ነው። እንግዲህ መምህርና ወላጅ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው እንጂ ጠበኞች አይደሉም። ችግሩ ሁለቱ የሚገናኙት ልጁ ካጠፋ ወይም ገንዘብ ካስፈለገ ብቻ መሆኑ ነው።

«ወላጅስ ቢሆን ለድግስ ሲሆን ተበድሮ ያወጣ የለምን?» የሚሉም አሉ። አዎን፣ አለ። ከጎረቤት ልጅ እንዳያንስ ተብሎ ሥዕል ያለበት ውድ ቦርሳ የሚገዛ ወላጅም አለ። ይህ መታረም ይገባዋል። ነገር ግን በአንዱ ብክነት ሌላውን ድኻ መቅጣት ፍርድ አይሆንም።

በአገራችን የተማሪ ነገር ድሮ የአንድ ቤት ሸክም ብቻ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ ዝርዝሩ አጭር ነበር፤ ለምድ፣ አኩፋዳና የውሻ መከላከያ ዱላ ነበረች። የቀረውን የየመንደሩ ሰው ቁራሽ እየሰጠ ይሞላለት ነበር። በወሏችንም ቁርአን የሚቀራው ደረሳ በእንጨት ሉሕ ላይ ጽፎ፣ ሲያጠና ቆይቶ፣ ሉሑን አጥቦ እንደገና ይጽፍበት ነበር፤ ምግቡንም ከአካባቢው ሰው ያገኝ ነበር። እነዚያ ዘመናት ችግር አልነበረባቸውም አልልም። ተማሪም ራብና ብርድ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ለምድ የለህምና ሂድ ተብሎ የሚመለስ አልነበረም፤ የተማሪው ጉድለት የአገሩ ሁሉ ጉዳይ ነበር። እኛ ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር አለ፤ ዝርዝሩ አጭር ይሁን፣ ሸክሙም የብዙ ሰው ይሁን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነቀፋ ብቻ ጽፎ መተው ቀላል ስለሆነ፣ እንደ አቅሜ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ዝርዝሩ በነሐሴ ሳይሆን በሰኔ፣ የወላጅና መምህር ኅብረት ባለበት ይዘጋጅ። በዚያ ጉባኤ ላይ የሚችሉት ወላጆች ብቻ ሳይሆኑ ጉልት የሚቸረችሩትና በቀን ሥራ የሚያድሩትም ይቀመጡ። ከዝርዝሩ ግርጌ ጠቅላላ ዋጋው ተደምሮ ይጻፍ። ድምሩን ያየ ሰው ከመጨመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ሁለተኛ፤ ዝርዝሩ በሁለት ይከፈል። በአንደኛው ወገን ያለ እሱ መማር የማይቻለው፣ በሁለተኛው ወገን ቢኖር መልካም የሆነው ይጻፍ። መልካም የሆነው ሁሉ ከመኸር በኋላ፣ በጥር ቢመጣ የሚጎድል ነገር የለም። ጥቂት የሚጻፍባቸው ትምህርቶችም በአንድ ደብተር ከፊትና ከኋላ ሊጻፉ ይችላሉ።

ሦስተኛ፤ ደብተር በጅምላ ይገዛ። ከሱቅ በነጠላ የሚገዛና ከጅምላ ነጋዴ በካርቶን የሚወጣ ደብተር ዋጋው አንድ አይደለም። እድራችን ለለቅሶ ቀን በየወሩ ያዋጣል። ሞት የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ እኛ ግን ተዘጋጅተን እንጠብቀዋለን። መስከረም ቀኑን አሳልፎ አያውቅም፤ እሱን ግን ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ እንግዳ እንቀበለዋለን። ወላጆች በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ በነሐሴ በአንድነት ቢገዙ ጭንቀቱ ይቀንስ ነበር።

አራተኛ፤ የዩኒፎርም ቀለም ያለ ብርቱ ምክንያት አይለወጥ። መለወጥ ግድ ከሆነም ከአንድ ዓመት በፊት ይነገር፤ አሮጌውም እስኪያልቅ ይለበስ።

አምስተኛው የእኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድርሻ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ከፈተና በኋላ ስንት ንጹሕ ቅጠል ያለበት ደብተር እንጥላለን? ያልተጻፈበትን ቅጠል ለይተን፣ አስተካክለን፣ በመርፌና በክር ብንሰፋው ለአንደኛ ክፍል ሕፃን መለማመጃ ይሆናል። ክሩንና መርፌውን እኔ አመጣለሁ፤ ስፌቱንም ለማስተማር ዝግጁ ነኝ። የሚያስፈልገው አንድ ክፍልና አንድ ሳምንት ብቻ ነው። የት/ቤታችን አስተዳደር ቢፈቅድልን በዚህ ክረምት መጀመር እንችላለን።

ከሁሉም በላይ ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ማንም ሕፃን በመሣሪያ ጉድለት ምክንያት ከክፍል እንዳይወጣ መወሰን ነው። የጎደለው ነገር ለወላጁ ተጠርቶ ለብቻው ይነገር፤ በጓደኞቹ ፊት ለልጁ አይነገር። የሰባት ዓመት ሕፃን የብር ጌታ አይደለም። ያልገዛውን እርሳስ ምክንያት አድርገን ብናሳፍረው የሚማረው ሒሳብ ሳይሆን ድኽነቱን መደበቅ ነው። ድኽነቱን ለመደበቅ ደግሞ ቀላሉ መንገድ ከት/ቤት መቅረት ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ዝርዝሩን በምትጽፉበት ጊዜ ከክፍላችሁ እጅግ ድኻ የሆነውን አንዱን ልጅ በፊታችሁ አስቡት። የተከበራችሁ ወላጆች፤ ሲቸግራችሁ ልጁን ከማስቀረት በፊት ወደ ት/ቤቱ መጥታችሁ ተናገሩ፤ ድኽነት ነውር አይደለም። ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም ከጥቂት ዓመት በኋላ ግማሾቻችን ዝርዝር ጸሐፊዎች፣ ግማሾቻችን ዝርዝር ተቀባዮች እንሆናለን። ዛሬ የተስማማንበትን ያን ጊዜ እንዳንረሳው አደራ እላለሁ።