ስልኩ ስንት ኪሎ ቡና ነው?

ሚዛን ተፈሪም ይሁን ቴፒ፣ አዲስ ስልክ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ገዛኸው?» ተብሎ ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። ጓደኞቼ «ነገር ታካብዳለህ» ይሉኛል እንጂ፣ ለእኔ ይሄ ጥያቄ ግማሽ ነው። ስልክ የሚገዛው በአንድ ቀን ነው፤ የሚከፈልበት ግን ዳታ በተሞላ ቁጥር፣ ስክሪን በተሰበረ ቁጥር፣ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ በተፈለገ ቁጥር ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ የአብዛኛው ቤት ገቢ ቡና ነው። ቡናው የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ዳታው የሚያልቀው በየቀኑ።

ስለዚህ ዛሬ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ካልኩሌተራችሁ እጃችሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ የውጭ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የሚሠራው በኤቲ ኤንድ ቲ ኔትወርክ ብቻ ነበር፤ ገዢውም የሁለት ዓመት ውል ይፈርም ነበር። ባለ 8 ጊጋባይቱ በዚያው ዓመት ወደ 399 ዶላር ወረደ። በ2008 አይፎን 3ጂ መጣ፤ ዋጋው 199 ዶላር ብቻ። ሰው «በግማሽ ቀነሰ!» ብሎ ተሰለፈ። ግን የወር የዳታ ክፍያው ከ20 ወደ 30 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። 10 ዶላር በ24 ወር ሲባዛ 240 ዶላር ነው። በአንድ እጅ 200 ዶላር ቀንሰው በሌላው 240 ተቀበሉ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ቁጥር ተጽፎ ነበር። ሰው ያየው ግን ሱቅ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ነው።

እኛ አገር አብዛኛው ሰው ቅድመ ክፍያ ተጠቃሚ ስለሆነ «ውል የለብንም» እንላለን። በወረቀት አዎ፣ የለብንም። በተግባር ግን ስማርት ስልክ የገዛ ሰው ጥቅል ሊገዛ ተስማምቷል። ዳታ የሌለው ስማርት ስልክ ካሜራ ያለው የእጅ ባትሪ ነው። የፈረምነው ውል ስለሌለ ደግሞ ድምሩን የሚያሳየን ወረቀት የለም፤ በ10 እና በ15 ብር ተበታትኖ ይወጣል።

እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ የራሳችሁን መተካት ትችላላችሁ። ስልኩ 18,000 ብር ይሁን። ለጥቅልና ለካርድ በወር 400 ብር ይውጣ፤ በሁለት ዓመት 9,600 ብር ነው። ለስክሪን፣ ለቻርጀር፣ ለከቨርና ለጥገና በሁለት ዓመት 3,000 ብር። ድምሩ 30,600 ብር። በመጨረሻ ስልኩን በ5,000 ብር ብንሸጠው 25,600 ይቀራል። ለ24 ወር ሲካፈል በወር 1,067 ብር ገደማ ይሆናል። የስልኩ ትክክለኛ ዋጋ ይሄ ነው፦ 18,000 አንዴ ሳይሆን 1,067 በየወሩ።

ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? ለማነጻጸሪያ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ከታክስ በፊት እንኳ ብናስበው ስልኩ ከደመወዙ 9 በመቶ በላይ ይወስዳል። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ያስቀመጠው ግብ ለመነሻ የኢንተርኔት አገልግሎት የሚወጣው ወጪ ከአገሪቱ አማካይ የነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፤ ስልኩ ራሱ ሒሳቡ ውስጥ የለም። ከ11,500 ላይ 2 በመቶ 230 ብር ነው። ዲግሪ ይዞ የተቀጠረው እንዲህ ከሆነ፣ ገና ሥራ የሚፈልገውን እናንተ አስቡት።

ከላይ ያለው ስሌት አንድ ነገር ያሳያል፦ ርካሽ ስልክ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በ12,000 ብር ተገዝቶ በዓመቱ የሞተ ስልክ በወር 1,000 ብር በልቷል፣ ጥቅሉ ሳይጨመር። 18,000 ብር ወጥቶበት ሁለት ዓመት የሠራው ግን 750 ብር ነው፣ ሳይሸጥ እንኳ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት «ባትሪው ይቀየራል? ስክሪኑ ሚዛን ይገኛል ወይስ ጅማ ወይም አዲስ አበባ መላክ አለብኝ?» የሚለው ነው። መለዋወጫው እዚህ የማይገኝ ስልክ፣ የመላኪያውና ያለ ስልክ የሚቆይበት ጊዜ ወጪው ላይ ይደመርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ የ150 ዶላር ስልክ ታክስና ትርፍ ሳይጨመር በ57 ብር ምንዛሪ 8,550 ብር ነው፤ በ120 ብር 18,000 ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ብዙ አስመጪ ቀድሞም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ስለሚያገኘው የሱቁ ዋጋ በዚያው ልክ በእጥፍ አልዘለለም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። አገር ውስጥ የሚገጣጠመውም ቢሆን ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። በመስከረም 2017 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፍ ጨመረ፤ በነሐሴ 2010 በሰፊው ከቀነሰ በኋላ ማለት ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ብዙዎቻችን «አሁን ዋጋ ይወርዳል» ብለን ነበር። ፉክክር ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱም ኩባንያዎች መሣሪያቸውን የሚገዙት በዶላር ስለሆነ ፉክክር ብቻውን ምንዛሪን አያሸንፍም።

ግን እኮ ቡናም በዶላር ነው የሚሸጠው! እዚህ ላይ ነው የእኛ አካባቢ ታሪክ ከአዲስ አበባው የሚለየው። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያ ዋጋ 150 ዶላር ማለት 17 ኪሎ ገደማ የተፈለፈለ ቡና ነው። በፓውንድ 2 ዶላር ቢሆን ኖሮ ግን 34 ኪሎ ይጠይቃል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ 17 ኪሎው ከ85 እስከ 102 ኪሎ ቀይ እሸት ነው። ገበሬው ደግሞ የዓለም ገበያውን ዋጋ ሙሉውን አያገኝም፤ መካከል ላይ ሰብሳቢ፣ አቅራቢና ላኪ አለ፤ ስለዚህ በተግባር ከዚህ በላይ ይለቀማል።

ይህ ማለት ስልክ በብር ሲወደድ በቡና ሊረክስ ይችላል ማለት ነው። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወጣቶች፣ የመምህር ልጅና የቡና ገበሬ ልጅ፣ ተመሳሳይ ስልክ እያዩ ሁለት የተለያየ ዋጋ ነው የሚያዩት። ለመምህሩ ቤት ተወደደ። ለገበሬው ቤት፣ ቡናው ዋጋ ባገኘበት ዓመት ቀለለ። ቡና ሲወርድ ደግሞ ይገለበጣል፤ ቡና እንደሚወርድ ደግሞ አባቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

አደጋው ያለው ጊዜው ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ እጅ ላይ ብር ይገባል፣ ስልክ ይገዛል። ክረምት ሲመጣ ብሩ የለም፣ ጥቅሉ ግን አለ። ያኔ ነው በወር መግዛት ቀርቶ በቀን የሚገዛው፤ በቀን የሚገዛ ዳታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሜጋባይት ሲሰላ ከወርሃዊው ይወደዳል። ያኔ ነው የአየር ሰዓት ብድር የሚለመደው። 10 ብር ተበድሮ ከሳምንት በኋላ 11 ብር የሚመልስ ሰው «አንድ ብር ምን አላት» ይላል፤ በሳምንት 10 በመቶ ወለድ የሚጠይቅ ባንክ ቢመጣ ግን በሩን አይረግጥም። ቦነሱም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ማታ የሚያልቅ ነፃ ዳታ» ሲመጣ የማንፈልገውን ቪዲዮ እናያለን፤ ነገ ልምዱ ይቀራል፣ ዳታው የለም። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል የተባለው ለዚህ ነው።

በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛ ስልክም በዚሁ ዓይን ይታይ። በምሳሌ፦ 18,000 ብር የሚያወጣ ስልክ 4,500 ቅድሚያ፣ ከዚያ 1,500 ብር ለ12 ወር ቢባል ድምሩ 22,500 ነው። ጭማሪው 4,500 ብር፣ የተበደራችሁት 13,500። «33 በመቶ ነው» ትላላችሁ። አይደለም፤ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትክክለኛው ዓመታዊ ወለድ ከ50 በመቶ በላይ ነው። ይሄ ሁሌም ሞኝነት ነው እያልኩ አይደለም። ብር በፍጥነት ዋጋ በሚያጣበት አገር ዛሬ ገዝቶ ነገ በረከሰ ብር መክፈል ሊያዋጣ ይችላል። ጥያቄው ወርሃዊው ክፍያ በግንቦትና በሐምሌም ይገኛል ወይ የሚለው ነው።

እሺ፣ ጥቅሙስ? ያለ ጥቅም የዋጋ ስሌት ጎዶሎ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በሕንድ ኬረላ ዓሣ አጥማጆች ሞባይል ሲያገኙ ትርፋቸው በአማካይ በ8 በመቶ እንደጨመረ፣ የዓሣው ዋጋም ለሸማቹ በ4 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የት ገበያ ስንት እንደሚሸጥ ከጀልባቸው ሆነው ስለደወሉ ነው። ልብ በሉ፦ በተራ ስልክ ነው፣ በመደወል ብቻ። የእሸትን ዋጋ ከሚዛን ወደ ቴፒ ደውሎ ለመጠየቅ 18,000 ብር አያስፈልግም። ቴሌብርም *127# ተብሎ በተራ ስልክ ይሠራል። ስማርት ስልክ ዋጋውን የሚመልሰው ተራው ስልክ የማይሠራውን ሲሠራ ነው፤ ትምህርት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ዕቃ በፎቶ መሸጥ።

አሁን ደግሞ አዲስ ሥራ እየመጣለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ በካርታ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ተፈጻሚነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም ሕጉ አልቀረም። በካፋ፣ በሸካና በቤንች ሸኮ ጫካ ሥር ለሚበቅለው ቡና ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ነጥቡን የሚመዘግበው ስማርት ስልክ ነው፤ ስልኩን የያዘው ደግሞ የገበሬው ልጅ። ታዲያ የዳታውን፣ የባትሪውንና የጊዜውን ማን ይከፍላል? እኔ እንደሚመስለኝ ላኪውና ማኅበሩ መክፈል አለባቸው፤ የምስክር ወረቀቱን የሚያገኙትና ቡናውን የሚሸጡት እነሱ ናቸውና።

ኩባንያዎቹም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ቡና አገር ላይ በኅዳር አንዴ ተከፍሎ እስከ መስከረም የሚዘልቅ ጥቅል፣ ክፍያው በለቀማ ወቅት የሚሰበሰብ የስልክ ብድር ቢያቀርቡ፣ ለእነሱም የማይመለስ ዕዳ ይቀንሳል፣ ለእኛም ክረምቱ ይቀላል። የማዳበሪያ ብድር ምርትን ጠብቆ ይመለሳል፤ የስልኩ ለምን አይሆንም?

እስከዚያው ግን ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አራት ቁጥር ጻፉ፦ ዋጋው፣ የሚያገለግልበት ወር፣ የወር ጥቅሉ፣ መሸጫው። ደምሩ፣ ቀንሱ፣ አካፍሉ። የወጣው ቁጥር በሐምሌ ወር ኪሳችሁ ውስጥ ካለ ግዙት። ከሌለ፣ አሁን ያለው ስልክ ባትሪው ተቀይሮለት አንድ ለቀማ ይጠብቅ።