ከ58 ዓመት በኋላ ከሥልጣን የወረደው የቦትስዋና ፓርቲ ወዴት ያመራል?

ቦትስዋና ነጻነቷን ካገኘችበት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አገሪቱን ያለማቋረጥ ያስተዳደረው የቦትስዋና ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2024 በተካሄደው ምርጫ ሥልጣኑን አጥቷል። ሕዝብ በቀጥታ ከሚመርጣቸው 61 የፓርላማ መቀመጫዎች ያገኘው 4 ብቻ ነው። የዱማ ቦኮ የዴሞክራሲያዊ ለውጥ ጃንጥላ የተሰኘው ጥምረት 36 መቀመጫ በማግኘት መንግሥት መሥርቷል። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ሞክግዊትሲ ማሲሲም ሽንፈታቸውን ፈጥነው በመቀበል ሥልጣኑን በሰላም አስረክበዋል።

ለሽንፈቱ የሚነሡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጭ የሆነው አልማዝ በዓለም ገበያ ተፈላጊነቱ ቀንሷል፤ የመንግሥት ካዝና ሳስቷል፤ የወጣቶች ሥራ አጥነትም ተባብሷል። በዚያው ዓመት በደቡባዊ አፍሪካ የተከሰተው ድርቅ ገበሬውንና ከብት አርቢውን ጎድቷል። በዚህ ላይ የፓርቲው መሥራች የሴሬትሴ ካማ ልጅና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኢያን ካማ ከማሲሲ ጋር ተጣልተው እ.ኤ.አ. በ2019 ከፓርቲው መውጣታቸው፣ በካማ ቤተሰብ አገር በሴሮዌና አካባቢው ያለውን ድጋፍ ከፍሎታል።

ይሁንና የመቀመጫው ቁጥር ብቻውን እውነታውን አያሳይም። ፓርቲው 4 መቀመጫ ያግኝ እንጂ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 30 በመቶ ያህሉ መርጦታል። ልዩነቱን የፈጠረው የምርጫ ሥርዓቱ ነው። በቦትስዋና፣ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ያሸንፋል። ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ደጋፊዎች በድምሩ ቢበልጡም መቀመጫው የመጀመሪያው ነው። ይኸው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2014 ለፓርቲው ሠርቶለት ነበር፤ ያኔ ከግማሽ በታች ድምፅ አግኝቶ ከ57 መቀመጫዎች 37ቱን ወስዷል። ተቃዋሚዎች ተከፋፍለው በቆዩበት ዘመን የጠቀመው ሕግ፣ ድጋፉ ሲሳሳ ፊቱን አዞረበት።

የፓርቲው ከባድ ጥያቄ ግን ከስሌቱ በላይ ነው። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመሠረት ጀምሮ ዋና መሠረቱ ገጠሩ ነበር። በሥልጣን ዘመኑ መንግሥት ለአነስተኛ ገበሬዎች ዘር ሲያቀርብ፣ የእርሻ ወጪያቸውን ሲደጉም፣ በድርቅ ወቅትም ለችግረኞች ጊዜያዊ ሥራ ሲሰጥ ኖሯል። ፓርቲና መንግሥት ለረጅም ዘመን ሳይለያዩ ሲኖሩ፣ የመንግሥት አገልግሎት የፓርቲ ችሮታ መስሎ መታየቱ አይቀርም። አሁን ዘሩም ድጎማውም በአሸናፊው እጅ ነው። ፓርቲው በየመንደሩ ሲገኝ የሚያካፍለው ነገር የለውም፤ ሐሳብ ብቻ ነው የቀረው።

ከፊቱ ሦስት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው፣ አዲሱ መንግሥት እስኪሰናከል መጠበቅ ነው። አልማዙ ካላገገመ አዲሶቹ መሪዎችም የገቡትን ቃል መፈጸም ይከብዳቸዋልና መንገዱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መራጭ አንዱን ስለጠላ ብቻ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ማለት አይደለም። 15 መቀመጫ ይዞ ዋና ተቃዋሚ የሆነው ኮንግረስ ፓርቲም አማራጭ ሆኖ ቆሟል። ሁለተኛው፣ 5 መቀመጫ ካገኘው ከካማ ደጋፊዎች የአርበኞች ግንባር ጋር መታረቅ ነው። ይህ የተከፈለውን ድምፅ ሊሰበስብ ይችላል፤ ነገር ግን ወጣቱን ያስኮረፈውን ሥራ አጥነት አይፈታም።

ሦስተኛው መንገድ ረጅሙና አስተማማኙ ነው፤ ከገጠሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ያለ መንግሥት በጀት እንደገና መገንባት። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2025 ምፎ ባሎፒን አዲስ መሪ አድርጎ መርጧል። የመሪ ለውጥ ግን የሚጠቅመው ሥራው ከተለወጠ ነው። ዘር ከዝናቡ በፊት ደርሷል ወይ? ድጎማው ለሚያርሰው ነው የደረሰው ወይስ ለሌላ? የከብት ገበያው ለአነስተኛው አርቢ ይጠቅማል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ የገጠሩን አሠራር ለአሥርት ዓመታት ከመራው ፓርቲ የተሻለ እውቀት ያለው ጥቂት ነው። በራሱ ዘመን የተፈጸመውን ጉድለት ሳይሸፋፍን መናገርም ይጠበቅበታል፤ አለዚያ ጥያቄው ሰሚ አያገኝም።

ጉዳዩ የአንድ ፓርቲ ዕጣ ብቻ አይደለም። ገበሬ ማዳበሪያና ዘር ሲዘገይበት አቤት የሚልለት ጠንካራ ተቃዋሚ ከሌለው፣ የገዥው ፓርቲ ስም ቢለወጥም መዘግየቱ ይቀጥላል። ከ10 መራጮች የ3ቱን ድምፅ የያዘ ፓርቲ ከቂምና ከትዝታ ወጥቶ የእነዚያን ሰዎች ጥያቄ ቢያነሣ፣ ለ2029ኙ ምርጫ የሚዘጋጀው ከአሁኑ ነው።