ሰንሰለት መድኃኒት ነውን?

ከኩየራ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ስታዩ «አብዷል» ለማለት ለምን ትቸኩላላችሁ? የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከሰው መለየት ብቻውን በሽታ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ለተሀጁድ ሌሊት የሚነሳ ሰው ልማዱን ለማያውቅ ጎረቤት እንግዳ ነው፤ ታማሚ ግን አይደለም። በ1851 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጌታው የሚሸሽ ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። «ያልተለመደ» ሁሉ «በሽታ» ከተባለ ፍርድ እንዲህ ይጣመማል።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ሰውየው ይሰቃያል ወይ? እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ሥራው ተናግቶበታል ወይ? ለራሱ ወይም ለሌላው ያሰጋል ወይ? ይህ ታይቶ ከቆየ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እኛ ግን የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ስድብ አድርገን የታመመ ልጃችንን ጓዳ ውስጥ እናስራለን! ሸሪዓችን አእምሮውን ላጣ ሰው ሰላትና ጾምን አንስቶለታል። አላህ ሸክሙን ያቀለለለትን እኛ በምን ሥልጣን ሰንሰለት እንጭንበታለን? ቁርኣን ቅሩበት፤ ዱዓ አድርጉለት፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዱት። ሰንሰለቱን ግን ዛሬውኑ ፍቱለት!