ማህተም ይዞ አገር ቤት ስለ መሄድ



ከፋሲካ ወዲህ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ብቅ የሚል ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ግሪን ካርዴ ገና አልመጣም፤ ፓስፖርቴ ላይ ማህተም ብቻ ነው ያለኝ፤ አገር ቤት ደርሼ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ነው የሚለው። ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ባወጣው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ደብዳቤ ስቀበል፣ ፎርም ሳስሞላ፣ ስልክ ስደውል ስለኖርኩ ወረቀት ከወረቀት ለይቼ አውቃለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ይቻላል። ጊዜው ያላለፈ ማህተም እንደ ካርዱ ሁሉ ሕጋዊ ማስረጃ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው፤ ካርዱ ፈቃዱ መኖሩን ማሳያ ነው፤ ካርዱ እስኪደርስ ደግሞ ማህተሙ ያንኑ ያሳያል። ይህ ሆኖ ሳለ በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንደኛው «ማህተም ይዘህ ከወጣህ ቀረህ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማህተም ካለህ ሌላ ምን ያስፈልግሃል፣ ዝም ብለህ ሂድ» የሚል ነው። በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም፤ ግን የመጀመሪያው የበለጠ ሰው ጎድቷል።

አንዲት እህታችን በዲቪ ከመጣች ገና በአራት ወሯ የእናቷን መርዶ ሰማች። ለቅሶ ልንደርሳት ስንሄድ ትኬት ቆርጣ ይሆናል ብለን ነበር። እሷ ግን «ካርዴ ሳይመጣ ከወጣሽ አትመለሽም ብለውኛል» ብላ ቤቷ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ማን ነው ያለሽ ብላት፣ «ሰው» አለችኝ። ፓስፖርቷን አምጪ ብዬ ስመለከት ለስምንት ወር የሚያገለግል ማስረጃ በቦርሳዋ ይዛለች። በማግሥቱ ብትነሣ እንኳ ለቀብሩ አትደርስም ነበር፤ ነገሩ አልፏል። እኔ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፣ ያ «ሰው» የተባለው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

እንግዲህ ወረቀቶቹ ብዙ ዓይነት ስለሆኑ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ አዲስ የገባ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈ የኢሚግራንት ቪዛ አለው። ቪዛው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ የመግቢያ ማህተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት በጊዜያዊ ግሪን ካርድነት ያገለግላል ይላል። ዓመቱ የሚቆጠረው ማህተሙ ከተመታበት ቀን ነው። አደናጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቪዛው የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፤ እሱ ቀን ወደ አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመግባት የተሰጠ ገደብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር ስለማይበልጥ ካርዱ ሳይደርስ ያልፋል። ያን ቀን ያየ ሰው «ቪዛህ አልቋል» ይላል። አላለቀም! ትንንሹን ጽሑፍና የመግቢያውን ማህተም አንድ ላይ አሳዩት። ስለዚህ ገና የምትመጡ ዘመዶች ያሏችሁ ንገሯቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ላይ ማህተሙ መመታቱን፣ ቀኑም መነበቡን ሳያዩ አይነሡ።

ሌላው ካርዱ ጊዜው ያለፈበትና ለማሳደስ ያመለከተ ሰው ነው። በፎርም አይ-90 ያመለከተ ሰው ደረሰኝ ይላክለታል፤ ደረሰኙ ያለፈበትን ካርድ ዕድሜ ያራዝማል። ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚላከው ደረሰኝ የሚያራዝመው 36 ወር ነው፤ ከዚያ በፊት 24 ወር ነበር። በጋብቻ የመጣና የሁለት ዓመት ካርድ የያዘ ደግሞ ፎርሙም የተለየ ነው፣ አይ-751 ይባላል፤ እሱ ከጥር 2023 ጀምሮ 48 ወር ያራዝማል። በሁለቱም መንገድ ካርዱና ደረሰኙ ሳይነጣጠሉ ነው የሚሠሩት። ካርዱን አሮጌ ነው ብሎ ቤት የተወ ሰው፣ ደረሰኙ ብቻውን አያሳፍረውም።

ካርዱ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ግን ከደረሰኙ ጋር የሚያያዝ ካርድ ስለሌለው ማህተም ማስመታት አለበት። በ1-800-375-5283 ይደወላል። መጀመሪያ የሚያነሣው መኪና ነው እንጂ ሰው አይደለም፤ ሰው እስኪገኝ ታገሡ። አማርኛ የሚችል ልጅ ሳይሆን እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ልጅ ከሌላችሁ እኛ አለን። ከ2023 ወዲህ ሁሉም ሰው ቢሮ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ፎቶግራፍ ያለበት፣ ማህተም የተመታበት አይ-94 የሚባል ወረቀት በፖስታ ይልካሉ። ጉዞው አስቸኳይ ከሆነ ግን ይህንኑ ተናግሮ በአካል ለመቅረብ ቀጠሮ መጠየቅ ይገባል፤ የመርዶ ወይም የሕመም ማስረጃ ካላችሁ ያዙ። ማህተሙ በብዛት ከአንድ ዓመት አይበልጥም። የምትመለሱበት ቀን ከዚያ ውስጥ መሆኑን ትኬት ሳትቆርጡ በፊት ቁጠሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ ልምጣ። «ዝም ብለህ ሂድ» የሚሉት ሰዎች የረሱት አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ወረቀታችሁን መጀመሪያ የሚያየው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን አይደለም። ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚመዝነው የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው። አየር መንገድ በቂ ወረቀት የሌለውን ሰው አሜሪካ ካደረሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱም በገንዘብ ነው። ስለዚህ ያ ሠራተኛ የማያውቀውን ወረቀት ሲያይ ቢፈራ አይፈረድበትም። ግሪን ካርድ በቀን መቶ ጊዜ ያያል፤ ማህተምና ደረሰኝ ግን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ጎረቤታችን የሁለት ዓመት ካርዱ ካለፈ በኋላ ሄዶ ደረሰኙን እዚህ መሳቢያ ውስጥ ትቶት ነበር። ሊመለስ ሲል ጠረጴዛው ላይ «ካርድህ አልፏል» ተባለ። ባለቤቱ በስልክ ፎቶ አንሥታ ላከችለት፤ ሠራተኛው በስልክ የታየ ወረቀት አልቀበልም አለ። አየር መንገዱን አልጠቅስም፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ዋናው ወረቀት በፈጣን ፖስታ እስኪደርሰው ሰነበተ፤ ትኬቱን ለመለወጥ ከፈለ፤ ሥራው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቀጥረው ጠበቁት።

ካርዱ እዚያው አገር ቤት የጠፋበት ደግሞ መንገድ የለውም አይባልም። ከአሜሪካ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ እንጦጦ መንገድ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ አይ-131ኤ በሚባለው ፎርም የመሳፈሪያ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ክፍያ አለው፣ ቀናትም ይወስዳል፤ ያውም ዕረፍቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ሰው የሚያስታውሰው።

ስለ ትራንዚትም አንድ ነገር ልበል። የአውሮፓ አገሮች የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ሰው አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠይቁታል። የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ከዚህ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ይህን ነጻነት ካርድ አውጥቶ ማሳየትና ያለፈ ካርድ ከደረሰኝ ጋር አያይዞ ማስረዳት አንድ አይደለም። ማህተም ወይም ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት መቶ ዶላር ለማትረፍ በፍራንክፈርት ዞሮ ከሚሄድ፣ ከደለስ በራሳችን አየር መንገድ ቢሄድ ነው የምመርጠው። ርካሽ ትኬት ያገኘ ሰው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ እንግዲያው ትኬቱን ሳይገዛ አየር መንገዱን ወረቀቱን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

ፓስፖርታችሁን በኤምባሲያችን ያሳደሳችሁም አሮጌው ላይ ማህተም ወይም ቪዛ ካለ እንዳትጥሉት። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ። ቆይታን በተመለከተ፣ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሰው ሲገባ ጥያቄ ይበዛበታል፤ ዓመት ከሞላ ካርዱ ራሱ ለመግቢያ አያገለግልም። እናቱን ሊያስታምም ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ሰው የመመለሻ ፈቃድ የሚባለውን ማመልከት ያለበት ከዚህ ሳይወጣ ነው፤ እዚያ ሆኖ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ የራሴን ሐሳብ ላቅርብ። ችግሩ ከአለማወቅ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ካርድ ሊያልፍ ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማሳደስ ይቻላል። ሰዉ ግን አያሳድስም። ለምን ቢባል፣ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ማሳደሻው በኢንተርኔት 415 ዶላር፣ በወረቀት 465 ዶላር ነው። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ለእናቱ ልኮ፣ የልጅ ጫማ ገዝቶ ለሚያድር ሰው 415 ዶላር «በሚቀጥለው ወር» የሚባል ነገር ነው። የሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ይባላል፤ ከዚያ መርዶ ይመጣል። ያን ጊዜ ካርዱ ያለፈ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ማህተም ያላስመታ ሰው ሆኖ ይገኛል።

የእኛ ማኅበር ደግሞ ሰው ሲሞት ለትኬት ገንዘብ ያዋጣል። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ለትኬቱ አዋጥተን ሰውየው ወረቀት ስለሌለው መሄድ ካልቻለ ምን ሠራን? ስለዚህ ከመጠባበቂያው ሣጥን ለማሳደሻ የሚሆን ገንዘብ ያለ ወለድ እንድናበድር ሐሳብ አቀርባለሁ። 415 ዶላሩን በአምስት ወር፣ በወር 83 ዶላር ይመልሳል። ተበዳሪው ደረሰኙ የደረሰው ዕለት ቅጂውን ለጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል፤ ቅጂው በፋይሉ ይቀመጣል፤ አደጋ ሲመጣ መሳቢያ መፈለግ ይቀራል። የተበዳሪ ስም በሰሌዳ አይለጠፍም።

አንዳንድ አባላት «የመጠባበቂያው ገንዘብ ለሞት እንጂ ለካርድ አይደለም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሰብሳቢውም ወደዚያው ያዘነብላሉ መሰለኝ። ሐሳቤን በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ይቀርባል። የምትቃወሙም መጥታችሁ በስብሰባው ተናገሩ፤ ኮሪደር ላይ አታጉረምርሙ። በዚያኑ ዕለት ፓስፖርትና ወረቀት ይዛችሁ ከመጣችሁ ቀኑን አብረን እናያለን፤ ፎቶ ኮፒ ማንሻው ተጠግኗል።

የማኅበሩ ጸሐፊ